ኮዮቴ ብራሽን ከግቢያችሁ አትንቀሉት

የመክፈቻ ጽሑፍ

በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የምትኖሩ፣ የራሳችሁ ግቢ ያላችሁም ሆናችሁ የሰው ግቢ በመንከባከብ የምትተዳደሩ ወገኖቼ፣ ስለ አንድ ቁጥቋጦ ልለምናችሁ ነው። ስሙ ኮዮቴ ብራሽ ነው፤ ሳይንሳዊ መጠሪያው ባካሪስ ፒሉላሪስ ይባላል። ከኦሪገን ጠረፍ አንስቶ በካሊፎርኒያ ዳርቻ ሁሉ፣ ወደ ደቡብም እስከ ሜክሲኮው ባሃ ካሊፎርኒያ ድረስ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል የአገሩ ተወላጅ ነው። ቅጠሉ ትንሽ፣ ጠርዙ ጥርስ ያለው፣ ሲነኩት በሙጫው እጅ ላይ የሚጣበቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። በባሕር ገደል አፋፍ ላይ የሚገኘው ዓይነት መሬት ለመሬት ተነጥፎ ያድጋል፤ ወደ መሀል አገር የሚገኘው ደግሞ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከሰው ቁመት ያልፋል።

ብዙ ሰው አረም ነው ብሎ ይነቅለዋል። አዲስ ቤት የገዛ ሰው አትክልተኛ ጠርቶ መጀመሪያ የሚያስጠርገው እሱን ነው። እኔ ግን በዚህ ጠረፍ ላይ በመጸው ወራት ይህን ያህል ፍጥረት የሚመግብ ሌላ ቁጥቋጦ አላውቅም። አስቡት፤ እኛ አገር በመስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ሲሸፈን እዚህ ዝናብ ካቆመ ወራት አልፈዋል፤ ሣሩ ደርቋል፤ የፀደዩ አበባ ሁሉ ረግፏል። ኮዮቴ ብራሽ የሚያብበው ያን ጊዜ ነው፤ አንዳንዱ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። ንቡ፣ ተርቡ፣ ዝንቡ፣ ቢራቢሮው ሁሉ እሱ ላይ ይሰፍራል። በዚህ አንድ ቁጥቋጦ ላይ የተመዘገቡት የነፍሳት ዝርያዎች ከ200 በላይ ናቸው። ዘመዶቹንም ታውቋቸዋላችሁ፤ አደይ አበባ፣ ኑግና ግራዋ ከእሱ ጋር ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው።

ወፎቹም አሉ። የካሊፎርኒያ ምልክት የሆነችው ድርጭት ጫጩቶቿን ይዛ የምትሸሸገው በሥሩ ነው። ሬንቲት የሚባለው ቡናማ ትንሽ ወፍ ጎጆውን በውስጡ ይሠራል፤ ይህ ወፍ ዕድሜውን ሁሉ በጥቂት መቶ ሜትሮች ክልል ውስጥ የሚያሳልፍ ነው። ቁጥቋጦውን ስትነቅሉበት ተነሥቶ ወደ ሌላ ኮረብታ አይሄድም።

በግቢያችሁ ያቆያችሁት አላችሁ? ምን አያችሁበት? የሚቃወም ካለም ምክንያቱን ይጻፍ።

(ክሩ፣ ማለትም ውይይታችን፣ ረዝሞ ለማንበብ አስቸጋሪ ሆነ ስላላችሁኝ መልሶቹን በቁጥራቸው ተራ፣ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።)

መልስ 1

ከዴሊ ሲቲ የጻፈች እህት አመስግና ጀመረች። ከቤቷ ጀርባ ባለው ዳገት ላይ አንድ ትልቅ ኮዮቴ ብራሽ እንዳለ፣ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር እንደሚያለብሰውና ይህን በሽታ መስሏት ልታስቆርጠው ቀጠሮ ይዛ እንደነበረ ገለጸች። ቀጠሮውን ከመሰረዟ በፊት ነጩ ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለገች።

መልስ 2

በችግኝ ጣቢያ የሚሠራ ወንድም መለሰላት፤ ከክሩ ሁሉ ይበልጥ ጠቃሚው መልስ ይህ ይመስለኛል። ኮዮቴ ብራሽ ወንዴና ሴቴው በየራሱ ተክል ላይ እንደሆነ፣ በዚህም እንደ እኛው ኮሶ እንደሆነ አስረዳ። የወንዴው አበባ አጠር ያለና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። የሴቴው ነጭ ነው፤ ዘሩ ሲበስል ነፋስ የሚወስደው ሐር የመሰለ ፀጉር ያወጣል። የእህታችን ተክል ጤነኛ ሴቴ መሆኑ ነው።

ከዚያ የንግዱን ነገር አነሣ። ለግቢ የሚሸጡት ዝቅተኛ ዓይነቶች፣ ለምሳሌ ትዊን ፒክስ በሚል ስም የሚታወቀው፣ ከወንዴ ተክል በተቆረጠ ቅርንጫፍ የሚባዙ ናቸው። ገዢው በመኪናውና በበረንዳው ላይ የሚበተነውን ነጭ ነገር ስለማይወድ ሴቴው ለገበያ አይቀርብም። ስለዚህ በየመንገዱ ዳርና በየሱቁ ማቆሚያ የተነጠፈው ኮዮቴ ብራሽ አብዛኛው ዘር የማያፈራ ነው። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው አለ። ወንዴው ብቻ ያለበት ግቢ ለንብ ይበቃ ይሆናል፤ ዘር ፈላጊዋ ወፍ ግን ባዶ ገበታ ትጠብቃታለች። ቦታ ያለው ሰው ሁለቱንም ይትከል።

መልስ 3

አንድ ሰው በአፍንጫ አለርጂ እንደሚሠቃይና የሥቃዩ ምንጭ በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ያ ነጭ ፀጉር እንደሆነ ጻፈ። ሴቴው ሁሉ ቢቆረጥ ለሕዝብ ጤና ይበጃል የሚል ሐሳብም አቀረበ።

መልስ 4

አጭርና ቆጣ ያለ እርማት ነበር። ማስነጠስ የሚያመጣው የአበባ ዱቄት እንደሆነ፣ የአበባ ዱቄት ያለው ደግሞ ወንዴው ላይ እንደሆነ፣ ነጩ ፀጉር ዘር ተሸካሚ እንጂ ዱቄት እንዳልሆነ ተናገረ። ሴቴውን ቆርጦ ወንዴውን የሚያበዛ ሰው በገዛ አፍንጫው ላይ እንደሚፈርድ ጨመረ። አነጋገሩ ቢለዝብ እመርጥ ነበር፤ ነገሩ ግን ትክክል ነው።

መልስ 5

በሳንታ ክሩዝ አካባቢ ንብ የሚያረቡ፣ በጎጃም ከአባታቸው ጋር ቀፎ ሲሰቅሉ ያደጉ አባት ረዘም አድርገው ጻፉ። በአገር ቤት ዋናው ማር የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር፣ አደይ አበባውና ኑጉ ካለፈ በኋላ እንደሆነ አስታወሱ። እዚህ መጥተው ቀፎ ሲይዙ ግራ ያጋባቸው ወቅቱ ነበር። ዝናቡ በክረምቱ ቅዝቃዜ ይመጣል፤ አበባው በፀደይ ይፈነዳል፤ ከዚያ በበጋው አጋማሽ ሁሉም ይደርቃል። ንቦቹ እንዳይራቡባቸው ስኳር በውኃ በጥብጠው ይሰጡ እንደነበረ ነገሩን።

አንድ ጥቅምት ላይ ግን ንቦቹ እግራቸው የአበባ ዱቄት ተሸክሞ ሲገቡ አዩ። አቅጣጫቸውን ተከትለው ወጥተው በባሕሩ በኩል ያለው ዳገት በሙሉ በኮዮቴ ብራሽ አበባ ተሸፍኖ አገኙት። ከዚያ ወዲህ የመጸውን ማር አይነኩም፤ ለክረምቱ ስንቅ ለቀፎው ይተዉለታል። ለጀማሪዎችም ይህንኑ መከሩ።

አባታችን የጨመሩትን ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ እኔ ግን ላጎላው እወዳለሁ። የማር ንብ ራሷ ለካሊፎርኒያ እንግዳ ናት፤ ወደዚህ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው። በዚህ ቁጥቋጦ ላይ ቆሞ ለሚያስተውል ሰው ከማር ንቧ ይልቅ የሚበዙት ትንንሾቹ የአገሩ ንቦች፣ ተርቦችና አበባ የሚቀስሙ ዝንቦች እንደሆኑ አመለከቱ። ሞናርክ የሚባለውን ብርቱካንማ ቢራቢሮም አነሡ። በጥቅምት ግድም ከመሀል አገር ተሰድዶ ወደ ሳንታ ክሩዝና ፓሲፊክ ግሮቭ ዛፎች ሲደርስ የሚቀስመው አበባ ያስፈልገዋል፤ በዚያ ወቅት በጠረፉ ላይ ደግሞ ከዚህ ቁጥቋጦ በቀር ብዙ ምርጫ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የክረምት ቆጠራ በምዕራቡ ጠረፍ ሁሉ የተገኙት ሞናርኮች ከ2,000 በታች ነበሩ። በ1997 ቁጥራቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። ከ2020 በኋላ ለጥቂት ዓመታት በከፊል አንሠራርተው ነበር፤ በ2024 ግን እንደገና በጣም አሽቆለቆሉ።

መልስ 6

የክሩ መንፈስ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። በኦክላንድ ለረጅም ዘመን ታክሲ የነዱ ሰው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1991 የኦክላንድ ኮረብታ ሲነድ በዓይናቸው እንዳዩ ጻፉ። በዚያ እሳት 25 ሰዎች ሞተዋል፤ ሦስት ሺህ ያህል መኖሪያ ቤቶች ወድመዋል። ቤት አጠገብ ሙጫ ያለው ቁጥቋጦ አቆዩ ብሎ መምከር የሰው ነፍስ ላይ መቀለድ እንደሆነ፣ ለወፍ ሲባል ልጆቹን የሚያቃጥል እንደሌለ በምሬት ተናገሩ።

መልስ 7

አንድ ወጣት በማይገባ ቃል መለሰላቸው። ነገር ሳይመረምሩ እንደሚናገሩና ፍርሃት እንደሚነዙ ጻፈ፤ በ1991 የነደደው በዋናነት ባሕር ዛፍና ጥድ እንደነበረም አስገነዘበ። ባሕር ዛፉና ጥዱ እሳቱን እንዳባባሱት እውነት ነው። ያን ቀን ያዩትን አዛውንት እንዲህ መናገር ግን ተገቢ አልነበረም፤ ከሥር ሁለት ሰዎች ገሥጸውታል፤ እሱም ቃሉን አለስልሶ ይቅርታ ጠይቋል።

መልስ 8

በሠፈሯ የእሳት መከላከል ሥልጠና የወሰደች እህት ሁለቱንም አስታረቀች። በሁለቱም ወገን እውነት እንዳለ ገለጸች። ውኃ ያለው፣ የታረመ ኮዮቴ ብራሽ በቀላሉ አይያያዝም፤ ለእሳት አካባቢ ከሚመከሩ ተክሎች ዝርዝር ውስጥ ዝቅተኛው ዓይነት የሚገኘውም ለዚህ ነው። ሳይቆረጥ ያረጀው ግን በውስጡ ደረቅ እንጨት ያከማቻል፤ እሱ ሲነድ ብርቱ ነው። የግዛቱ ሕግ ለእሳት በተጋለጡ ሥፍራዎች ከቤቱ እስከ 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል ድረስ ያለው ዕፅዋት እንዲሳሳና እንዲታረም ያዛል። ከግድግዳው የመጀመሪያዎቹ 5 ጫማዎች ውስጥ ደግሞ የሚነድ ነገር ባይኖር ይመከራል። እሷ ራሷ ቁጥቋጦዎቿን አራርቃ ተክላለች፤ በየጥቂት ዓመቱ በክረምት መጨረሻ ወፍ ጎጆ ሳይሠራ ወደ መሬት አስጠግታ ትቆርጣቸዋለች። ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከቃጠሎ በኋላም እንዲሁ ነው።

የታክሲ ሹፌሩ ተመልሰው አመሰገኗት፤ ከግድግዳቸው አጠገብ ግን አሁንም እንደማይፈልጉት አስታወቁ። ይህ መብታቸው ነው፤ ምክንያታቸውም የከበደ ነው።

መልስ 9

እኔን የተከራከረችኝ ይህች ናት፤ በሳን ብሩኖ ተራራ ላይ በበጎ ፈቃድ የምትሠራ እህት። በተራራው ላይ ኮዮቴ ብራሽ ራሱ ችግር እንደሆነና እሷና ባልደረቦቿ በመጋዝ እንደሚቆርጡት ጻፈች። ምክንያቷን በደንብ አስረዳች። ሚሽን ብሉ የምትባል ሰማያዊ ትንሽ ቢራቢሮ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ሊጠፉ ከተቃረቡ ፍጥረታት ተርታ ተመዝግባለች። አባጨጓሬዋ የሚበላው ሉፒን የተባለውን ተክል፣ እሱንም ሦስት ዝርያዎቹን ብቻ ነው። ሉፒን የሚኖረው ሣር ሜዳ ላይ ነው። ድሮ እሳትና ግጦሽ ሜዳውን ክፍት አድርገው ይጠብቁት ነበር። ሁለቱም ሲቀሩ ኮዮቴ ብራሽ እየገባ በሉፒኑ ላይ ጥላውን አጠላበት። በአሜሪካ የመጀመሪያው የዱር ፍጥረታት መኖሪያ ጥበቃ ዕቅድ የወጣው ለዚህ ተራራ ነው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ። የኮዮቴ ብራሽ መስፋፋትን መግታትም ዛሬ ድረስ ከተራራው ሥራዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ተክል በጭፍን ሊወደስ እንደማይገባ አሳሰበች።

መልስ 10

የእኔ መልስ ነበር። የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው፤ ለሥራዋም አክብሮት አለኝ። የእኔ ልመና ግን ስለ ግቢ ነው። ሉፒን ያለበት ሜዳ ሌላ ነው፤ አስፋልትና የተላጨ ሣር የከበበው ግቢ ሌላ ነው። በግቢያችን ኮዮቴ ብራሹን ነቅለን የምንተካው ውኃ የሚጠጣ፣ ለአንድም አባጨጓሬ ምግብ የማይሆን የውጭ ቁጥቋጦ ነው። በተፈጥሮው ሥፍራም ቢሆን መጥፎ ጎረቤት አይደለም፤ የጠረፉ ኦክና ቤይ ችግኞች ከፀሐይና ከአጋዘን ተጠልለው የሚያድጉት በእሱ ጥላ ሥር ነው። ዛፎቹ ሲያድጉ እሱን በጥላቸው ሸፍነው ያስወጡታል። እሷም ስለ ግቢው እንደምትስማማ ጽፋ ቋጨች፤ ሣር ሜዳ አጠገብ የሚኖር ሰው ግን ሴቴውን ከመትከሉ በፊት እንዲያስብበት አደራ አለች። በዚህ እኔም እስማማለሁ።

መልስ 11፣ 12 እና 13

በመልስ 7 ላይ የተነሣው ባሕር ዛፍ ክሩን ይዞት ሄደ። አንዱ ባሕር ዛፍ ወደ ካሊፎርኒያ የገባው በወርቅ ፍለጋው ዘመን፣ በ1850ዎቹ እንደሆነና ወደ አዲስ አበባም በአፄ ምኒልክ ዘመን ከዚያው ከአውስትራሊያ እንደመጣ አስታወሰ። ሌላው እንጦጦ ላይ በአገር በቀል ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ባሕር ዛፉን የመተካቱን ሥራ አሞገሰ፤ እዚህም ተመሳሳይ ነገር መደረግ እንዳለበት ተከራከረ። ሦስተኛዋ ደግሞ አዲስ አበባ ማገዶ ባጣችበት ጊዜ ያተረፋት ባሕር ዛፍ እንደነበረ፣ በሳንታ ክሩዝም ሞናርኮቹ ክረምቱን ተንጠልጥለው የሚያሳልፉት በባሕር ዛፍ ላይ እንደሆነ ገልጻ ሁሉን በአንድ ጊዜ መቁረጥ ጥፋት እንደሚሆን አስጠነቀቀች። ይህ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፤ ብትከፍቱት እሳተፋለሁ።

መልስ 14

ከቨርጂኒያ የጻፈ ወንድም እኛ ካሊፎርኒያውያን ብቻችንን እንደምንነጋገር በፍቅር ወቀሰን። በእሱም በኩል፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጨዋማ ረግረግ ዳር፣ የዚሁ ቁጥቋጦ ወንድም የሆነው ባካሪስ ሃሊሚፎሊያ እንደሚበቅል ነገረን። እሱም በመጸው ያብባል፤ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ነው፤ ሴቴው በጥቅምት ነጭ ለብሶ ከመኪና መንገድ ይታያል፤ ወደ ሜክሲኮ የሚወርዱት የምሥራቁ ሞናርኮችም ይቀስሙታል። ጨው ስለሚችል የባሕር ውኃ በሚደርስበት ግቢ ከሌሎች ቁጥቋጦዎች ይልቅ ይጸናል። በዋሽንግተን ዙሪያ ላለው ብዙ ወገናችን የሚጠቅመው ይህኛው ነው።

መልስ 15

በፈረንሳይ የምትኖር እህት የመልስ 14ን ቀጠለችበት። ያው ሃሊሚፎሊያ ለውበት ተብሎ ወደ አውሮፓ ተወስዶ በአትላንቲክ ዳርቻ ረግረጎች ላይ እንደተንሰራፋ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮም በአውሮፓ ኅብረት የወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ እንዳለ አስታወቀች። ዘር በፖስታ እንዳንላላክ አስጠነቀቀች። በአገሩ በረከት የሆነ ተክል በሰው አገር ጥፋት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ ካሊፎርኒያ ያላችሁ የካሊፎርኒያውን፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ የቨርጂኒያውን ትከሉ።

መልስ 16 እና 17

አንድ ሰው ኮዮቴ ብራሽ ከግራዋ ጋር ከተዛመደ ቅጠሉ ተቀቅሎ ቢጠጣ ሆድ እንደሚያጸዳና ስኳር በሽታን እንደሚያወርድ ጻፈ። አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ በጣም ተቆጣች። በመልስ 14 የተጠቀሰው የተክሉ ዘመድ ለከብት መርዛማ እንደሆነ የታወቀ ሆኖ ሳለ ዝምድናን ብቻ ይዞ ለሕመምተኛ መድኃኒት ማዘዝ ወንጀል እንደሚያህል ተናገረች። ቁጣዋን እደግፋለሁ። መልስ 16ን ያነበባችሁ፣ እባካችሁ አትሞክሩት።

መልስ 18

ከሪችመንድ የጻፉ እናት በፀደይ ወራት ቁጥቋጦአቸውን የሚያብረቀርቁ ትሎች እርቃኑን እንዳስቀሩትና በቅርንጫፉ ጫፍም አረንጓዴ እብጠት እንደወጣበት ገልጸው ምን መድኃኒት እንደሚረጩ ጠየቁ።

መልስ 19

የችግኝ ጣቢያው ወንድም ተመለሰ። ትሎቹ ትሪራብዳ የተባለ የቅጠል ጥንዚዛ ዕጮች እንደሆኑ፣ እብጠቱ ደግሞ አንዲት ደቃቃ ዝንብ እንቁላሏን ስትጥልበት ተክሉ የሚሠራው ቤት እንደሆነ አስረዳቸው። ሁለቱም ከዚህ ቁጥቋጦ ጋር አብረው የኖሩ ናቸው። ቅጠሉ ተመልሶ ያድጋል። መርዝ የሚረጭ ሰው ዕጩን ለጫጩቶቿ የምትለቅመውን ወፍና በእብጠቱ ውስጥ የዝንቧን ልጆች የሚያድኑትን ደቃቃ ተርቦች አብሮ እንደሚያጠፋ በትሕትና ነገራቸው። እናታችን መርጫውን ወደ መደብሩ እንደሚመልሱ ጻፉ።

መልስ 20

አንድ አባወራ የቤት ባለቤቶች ማኅበራቸው ግቢው ተዝረክርኳል ብሎ ቁጥቋጦውን እንዲያነሣ ደብዳቤ እንደጻፈለት ተናገረ። ከሥር የሕግ ዕውቀት ያለው ሰው የካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 4735ን ጠቀሰለት። ማኅበሩ ውኃ ቆጣቢ ተክሎችን በጅምላ መከልከልም ሆነ በሣር ምትክ እንዳይተከሉ ማገድ አይችልም። ግቢው እንዲታረምና እንዲስተካከል ግን መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ ቅርጽ ሰጥቶ ፎቶግራፍ አንሥቶ ከመልሱ ጋር እንዲልክ ተመከረ።

መልስ 21

መቼና እንዴት እንደሚተከል የጠየቁ ስለበዙ እኔ መለስኩ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ትከሉት፤ ክረምቱን ሥር ይሰድዳል። የመጀመሪያውን በጋ፣ ካስፈለገም ሁለተኛውን፣ አልፎ አልፎ በጥልቀት አጠጡት። ከዚያ በኋላ በጭጋጋማው ጠረፍ ያለው በዝናቡ ብቻ ይኖራል። ማዳበሪያ አያስፈልገውም፤ አሸዋም ሆነ ሸክላ አፈር ይስማማዋል። ለዳገት ዝቅተኛውን፣ ለአጥር ቀጥ ብሎ የሚያድገውን ምረጡ። ዱር የበቀለውን ስታርሙ ጓንት አድርጉ፤ በመካከሉ ብዙ ጊዜ ፖይዝን ኦክ ይደበቃል። ባለ ሦስት ቅጠሉን ተክል ካያችሁ አትንኩት፤ ቆዳ ያቆስላል፤ ጭሱም አደገኛ ስለሆነ አታቃጥሉት።

መልስ 22

የዴሊ ሲቲዋ እህት ወንዴ ተክል ከየት እንደምታገኝ፣ ሌሎችም ሴቴው የት እንደሚሸጥ ጠየቁ። የችግኝ ጣቢያው ወንድም የካሊፎርኒያ አገር በቀል ዕፅዋት ማኅበር ቅርንጫፎች በመጸው የችግኝ ሽያጭ እንደሚያደርጉ አመለከተ። እዚያ ከዘር የበቀለ ችግኝ ስለሚገኝ ሁለቱም ፆታ ሊደርሳችሁ ይችላል። እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ሰው ግን ተክሉ ሲያብብ ጠብቆ፣ አበባውን አይቶ ይግዛ።